ተመስገን ካልን በኋላ

ኢትዮጵያዊ ሯጭ የመጨረሻውን መስመር አልፎ ትንፋሹ ሳይመለስ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ክርስቲያኑ ያማትባል፣ ተንበርክኮ መሬት ይስማል፤ ሙስሊሙ ሱጁድ ይወርዳል። ማይክሮፎን ሲቀርብለትም የመጀመሪያው ቃል «በቅድሚያ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ» ነው። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ከዚያ ፌዴሬሽኑ፣ ክለቡ፣ ማናጀሩ፣ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ይመሰገናሉ። ሰልፉ ረጅም፣ የቴሌቪዥኑ ጊዜ አጭር ነው። ልጁን በ13 ዓመቱ ከኳስ ሜዳ ዳር ጠርቶ «አንተ፣ ነገ ጠዋት ና» ያለው የወረዳው የስፖርት መምህር ብዙ ጊዜ ተራው ሳይደርሰው ማይክሮፎኑ ይነሳል።

ነገሩ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቅ ነበር። ከሥሩ ግን ሃይማኖትም ፍልስፍናም ሲያከራክሩበት የኖሩት ጥያቄ አለ። ድል የፈጣሪ ስጦታ ከሆነ አሰልጣኙ ምን አደረገ? የአሰልጣኙ የልፋት ፍሬ ከሆነስ «ተመስገን» የምንለው ለምንድን ነው? ሁለቱም እውነት ከሆኑ ደግሞ ድርሻው እንዴት ይከፈላል? ይህን ለመመርመር ከአርሲ ደጋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

በቆጂ ከአሰላ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም የገብስና የስንዴ አገር ናት። እዚያ ተወልደው ያደጉት ሯጮች ያመጡትን የኦሊምፒክ ወርቅ ብቻ እንቁጠር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና እና በ2000 ሲድኒ ሁለት። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ፣ በማራቶን አንድ። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 አቴንስ እና በ2008 ቤጂንግ ሦስት። ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ ሁለት፣ በ2012 ለንደን አንድ። ቲኪ ገላና በለንደን ማራቶን አንድ። በ20 ዓመት ውስጥ 10 ወርቅ ማለት ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ፊሊፒንስ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በ2021፣ በቶኪዮ መሆኑን ያስታወሰ ሰው የዚህን ቁጥር ክብደት ይረዳዋል።

ከእነዚህ ውስጥ ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በልጅነታቸው በአንድ ሰው እጅ አልፈዋል። ስንታየሁ እሸቱ ይባላል። በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር።

ነገሩን ለአየሩ መስጠት የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክሲጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን ሯጮች አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ከአርሲና ከሸዋ የመጡት ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ እንደሚበዙ፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ትምህርት ቤት እየሮጡ ይመላለሱ እንደነበር አገኙ። አሰላ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይማር እንደነበር፣ ደብተር የያዘበት ግራ ክንዱም በሩጫው ላይ እንደታጠፈ እንደቀረ ያልሰማ የለም። ዘር ነው ለሚሉት ግን ወሬው ብዙም አያስደስትም፤ እነዚያው ተመራማሪዎች በእናት በኩል የሚወረሰውን ዘረ መል ሲመረምሩ የሯጮቹ የዘር ሐረግ እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ የተደባለቀ ሆኖ ነው ያገኙት።

እሺ፣ አየሩ ይሁን። ታዲያ አየሩ ደብረ ታቦርም አለ፣ መሐል ሜዳም አለ፣ ጨንቻም አለ። ትምህርት ቤት ሩቅ የሆነበት ልጅም በአገሪቱ ሞልቷል። ብርድና ገብስ ብቻቸውን ወርቅ የሚያመጡ ቢሆን ኖሮ የሜዳሊያችን ካርታ እንዲህ በአንድ ወረዳ ላይ ባልተከመረ ነበር። በሌላ በኩል ስንታየሁን አንስተን መተሐራ ብናስቀምጠው በዚያው ፊሽካና በዚያው ሰዓት ቀነኒሳን ያወጣ ነበር ወይ ቢባል፣ ደፍሮ አዎ የሚል አይገኝም። አየሩ ሰውየውን ይፈልጋል፤ ሰውየውም አየሩን። አንዱን ብቻ ነጥሎ «ምክንያቱ ይህ ነው» ማለት የሚያምረን ሒሳቡ ስለሚቀልልን ይመስላል።

ሰውየው ግን ምን ያደርግ ነበር? በ2012 ጄሪ ሮዝዌል የተባለው ፊልም ሠሪ በበቆጂ ላይ የሠራው «የሯጮች ከተማ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህን ቀረብ ብሎ ያሳያል። ገና ብርሃን ሳይፈነጥቅ ልጆች ይሰበሰባሉ። መንሸራተቻ የሆነ ጭቃ፣ ቀዳዳ ሹራብ፣ አንዳንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዳንዱ የፕላስቲክ ጫማ አጥልቆ። በረድፍ ተሰልፈው እጅና እግር የሚያቀናጅ ማሟሟቂያ ይሠራሉ፤ ጉልበት ወደ ላይ፣ ተረከዝ ወደ ኋላ፣ ትከሻ ዘና። ከዚያ ባሕር ዛፉ መሐል ይገባሉ። በግንዶቹ መካከል እየተጠማዘዙ መሮጥ ዓይንንና ቁርጭምጭሚትን አብሮ ያሠለጥናል፤ መሬቱም ለስላሳ ስለሆነ ጉልበት አይጎዳም። ትራክ የሌለው ሰው የፈጠረው ዘዴ ነው። አሰልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ይቆማል፤ ዓይኑ ግን የሚያርፈው ማን ቀደመ ከሚለው ይልቅ ማን ሲደክመው አሯሯጡን አልለወጠም በሚለው ላይ ነው። ይህ የሚያይ ዓይን በሥልጠና ማንዋል አይገኝም። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን፣ በሺህ በሚቆጠሩ ጠዋቶች አይቶ የሚመጣ ነው።

የዚህ ሥራ እንግዳ ባሕርይ አሰልጣኙ የሚሳካለት ልጁ ሲለየው መሆኑ ነው። ጥሩነሽ በልጅነቷ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ታላቅ እህቷ እጅጋየሁ ሄደች። ትምህርት ቤት ለመመዝገብ ዘግይታ ስለደረሰች ዓመቱን በከንቱ ላለማሳለፍ በማረሚያ ቤቶች የስፖርት ክለብ እንደገባች ይነገራል። ያ መዘግየት ባይኖር ምን ትሆን ነበር? በ2003፣ በ18 ዓመቷ፣ ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የቆመችው የክለብና የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኞች በሠሩት መሠረት ላይም ነው። በ2016 ያረፉት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ከደራርቱ እስከ ቀነኒሳ ያለውን ትውልድ በኦሊምፒክ ሜዳ መርተዋል። እሳቸው ያሠለጠኑት ግን መሮጥ እንደሚችል አስቀድሞ የታወቀን ሰው ነው። መሮጥ እንደሚችል ራሱም ወላጆቹም ያላወቁትን እረኛ ማየት ሌላ ሙያ ነው።

በአሜሪካ የኮሌጅ የውሃ ዋና አሰልጣኞች ታሪክ ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ጄምስ ካውንስልማን ከ1957 እስከ 1990 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አሠልጥኗል። ቡድኑ ከ1968 እስከ 1973 ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል። በ58 ዓመቱ ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ራሱ ዋኝቶ ተሻገረ፤ ተማሪውን የሚያዝዘውን ራሱ የሚሞክር አሰልጣኝ ነበር። በ1972 ሙኒክ ላይ ሰባት ወርቅ የጠራረገው ማርክ ስፒትዝ ተማሪው ነው። ይሁንና ስፒትዝ ኢንዲያና ከመድረሱ በፊት በካሊፎርኒያ በሸርም ቻቩርና በጆርጅ ሄንስ እጅ አልፏል፤ እዚያም ቢሆን ድሉ የአንድ አሰልጣኝ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያለው የመዋኛ ማዕከል የተሰየመው በካውንስልማንና በሥራ ባልደረባው፣ በውሃ ዝላይ አሰልጣኙ ቢሊንግስሊ ስም ነው። አሰላ ያለው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል በጥሩነሽ ዲባባ ስም ተሰይሟል። ጥሩነሽ ይገባታል፤ በዚህ ክርክር የለም። እነሱ ቤቱን በአሠልጣኝ ስም ሲጠሩ እኛ በሠለጠነ ስም መጥራታችን ግን ዓይናችን የት እንደሚያርፍ ያሳያል።

ጥንት ግሪኮች እንኳ በዚህ ይበልጡናል። ፒንዳር የተባለው ባለቅኔ ለኦሊምፒያ አሸናፊ ልጅ በጻፈው ውዳሴ ውስጥ ሜሌሲያስ የተባለውን የአቴና የትግል አሰልጣኝ በስሙ ጠርቶ፣ ተማሪዎቹ ያመጡለትን 30 ድል ቆጥሮለታል። ክፍያው ከአሸናፊው ቤተሰብ ነበር፤ ውዳሴውም በገንዘብ የታዘዘ። ቢሆንም ከ2,400 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የአሰልጣኙን ስም እናውቀዋለን።

ወደ ሃይማኖቱ እንመለስ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ በእሱና በአጵሎስ ስም ተከፋፍለው የሚከራከሩትን ምእመናን የሚገሥጸው ተካዩንም አጠጪውንም ዝቅ አድርጎ፣ የሚያሳድገው እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን በመንገር ነው። ብዙ ሰባኪ እዚህ ላይ ያቆማል። ያው መልእክት ግን ወረድ ብሎ እያንዳንዱ እንደ ድካሙ የራሱን ደመወዝ እንደሚቀበል ይናገራል። ማደግ የፈጣሪ፣ ደመወዝ የሠራተኛ፤ ሐዋርያው ሁለቱን ሲያስቀምጥ አንዱ ሌላውን እንዲሰርዝ አላደረገም። በእስልምናም ከነቢዩ ሙሐመድ በሚተላለፈው ትምህርት ሰውን ያላመሰገነ አላህንም አላመሰገነም። ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳቸው ከማይቋረጥ ሦስት ሥራዎች አንዱም ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት ትቶ ማለፉ ነው። አርሲ ሁለቱ እምነቶች በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አገር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይም አይለያዩም። ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና በሰው በኩል ያልፋል እንጂ ሰውን ዘሎ አይሄድም።

በተግባርስ? አገሩ የመምህርን ስም መጠበቅ የማያውቅ አገር ቢሆን ባልገረመ። የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ከማን እንደተማረ ነው። የመምህሩ ስም የምስክር ወረቀቱ ነው፤ የመምህሩም መምህር ይታወቃል፣ ሐረጉ ወደ ላይ ይቆጠራል። በወሎም ሆነ በሌላው የእስልምና ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ደረሳው ኢጃዛ ሲቀበል የሼኹ፣ የሼኹ ሼኽ ስም እየተያያዘ ይወርዳል። ያለ ሰንሰለት የተማረ ሰው እንደተማረ አይቆጠርም። ይህን ልማድ ለዘመናት ይዞ የኖረ ሕዝብ ወደ ስታዲየም ሲገባ ምን እንደነካው እንጃ። ሯጩ ከሰማይ የወረደ ይመስል መምህሩን አይጠይቁትም።

ምናልባት ነገሩን ያበላሸው «መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» የምትለው አባባል ትሆናለች። በየመምህራን ቀኑ በየሰሌዳው ትጻፋለች። ለስላሳ ስድብ ናት። ሻማ ቤት አይከራይም፣ ልጅ አያስተምርም፣ አያረጅም፤ ሲያልቅ ሌላ ይለኮሳል። መቅለጡን የሚያመሰግኑት ደግሞ ዘወትር በብርሃኑ የሚጠቀሙት ናቸው።

የጎረቤታችን የኬንያ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ኮልም ኦኮነል የተባለው አየርላንዳዊ መነኩሴ በ1976 ኢተን በሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሊያስተምር መጣ፤ ስለ ሩጫ ሥልጠና የሚያውቀው አልነበረውም። ልጆቹን እያየ ተማረ፤ በመጨረሻ በ800 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረውን ዴቪድ ሩዲሻን አወጣ። (በ2011 ጣልያን፣ ሚላን ላይ ሩዲሻን ቀድሞ የገባው የአሰላው ልጅ መሐመድ አማን ነበር፤ አርሲ በዚህም በኩል አልጠፋችም።) ኦኮነል ማኅበረ መነኮሳት አለው፤ ድህነትን በመሐላ ተቀብሏል፤ ጎጆው፣ እንጀራው፣ እርጅናው የማኅበሩ ጉዳይ ነው። ስንታየሁና እሱን መሰል የወረዳ መምህራን እንዲህ ያለ መሐላ አልማሉም። ሳይመነኩሱ የመነኩሴ ኑሮ እንዲኖሩ የፈረድንባቸው እኛ ነን።

እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ። በጎ ሥራ ዋጋ ከተቆረጠለት በጎነቱ አይቀንስም ወይ? ቀኝ እጅ የሚያደርገውን ግራው አይወቅ ተብሎ የለም ወይ? ተብሏል። ትእዛዙ የተሰጠው ግን ለሰጪው ነው። ተቀባዩ እንዲረሳ የሚፈቅድ ቃል በዚያ ውስጥ የለም። አሰልጣኙ ውለታውን ባይቆጥር ትሑት ይባላል፤ የተደረገለት ሰው ባይቆጥር ግን ስሙ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያስጨንቃል። አሰልጣኙን በሜዳሊያ የምንለካው ከሆነ ሜዳሊያ ያላገኙትስ? ወደ በቆጂ ሜዳ በየጠዋቱ የሚወጡት ልጆች በመቶ ይቆጠራሉ፤ የኦሊምፒክ መድረክ ላይ የወጡት ግን በጣት። የሮዝዌል ፊልም ሁለት ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከትሎ ክለብ መግባት የችግር መጨረሻ እንዳልሆነ፣ ከቤት ርቆ የሚኖር ታዳጊ ምን እንደሚገጥመው ያሳያል። ቶማስ ኔግልና በርናርድ ዊልያምስ የተባሉ ፈላስፎች በ1976 ባቀረቧቸው ጽሑፎች ያነሱት ጥያቄ እዚህ ይመጣል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተው ውጤቱ በዕድል ቢለያይ፣ አንዱን አሞግሰን ሌላውን መርሳት ፍትሕ ነው ወይ? በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ፊሽካ፣ ለጥሩነሽም ስሟ ላልታወቀው ጓደኛዋም የተሰጠው ሥልጠና አንድ ነው። አሰልጣኙ ለሁለቱም እኩል ደክሟል። ስለዚህ ደመወዙ ከወርቁ ጋር ብቻ መታሰር የለበትም፤ የመጀመሪያው ዕዳ ለጠዋቱ ሥራ ነው፣ የወርቁ ድርሻ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሆኖ ያደገ፣ ሰዓት አክብሮ መነሳት የለመደ፣ ሯጭ ሳይሆን ነርስ ወይም ገበሬ የሆነ ልጅም የዚያ ሜዳ ውጤት ነው።

ይህ ሁሉ ምኞት ብቻ አይደለም። እግር ኳስ ዘዴ አበጅቶለታል። ፊፋ ከ2001 ጀምሮ ባለው ሕግ አንድ ተጫዋች ከአገር አገር በዝውውር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ትንሽ የመንደር ክለብ እንኳ ያሳደገው ልጅ ትልቅ ሲሆን ድርሻው ይደርሰዋል። አትሌቲክስ ውስጥ ማናጀሩ በውል የታወቀ ኮሚሽን አለው፤ ልጁን ከሜዳ ዳር ለጠራው መምህር ግን እንዲህ ያለ ድርሻ የለም። ስንታየሁ ቢያንስ የውጭ ካሜራ በሩን ስላንኳኳ ስሙ ታውቋል። በሌሎች የአርሲ ወረዳዎች፣ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በትግራይ ስማቸው በወረዳ ፋይል ውስጥ እንኳ ያልተጻፈ ስንት አሉ።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን፣ ለክልል ፌዴሬሽኖችና ለክለቦች የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ማንኛውም ታዳጊ ክለብ ሲገባ በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያ አሰልጣኙ ስም፣ ትምህርት ቤቱና ወረዳው ይጻፍ። ያ ልጅ በዓለም ሻምፒዮና ወይም በኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሲያገኝ ከመንግሥት ከሚሰጠው ሽልማት ላይ ጥቂት በመቶ፣ በሕግ ተወስኖ፣ ለዚያ ሰውና ለሚያሠለጥንበት ሜዳ ይሂድ። የወረዳው የስፖርት መምህር ለጠዋቱ ሰዓት፣ ወርቅ መጣም አልመጣም፣ አበል ይከፈለው። እናንተ ሯጮችም ማይክሮፎኑ ሲቀርብላችሁ ፈጣሪን አስቀድሙ፤ ልማዳችሁም እምነታችሁም ነው። ሁለተኛው ስም ግን የዚያ መምህር ይሁን፤ ከነአባቱ ስም፣ ከነትምህርት ቤቱ።